ስለ ቆሙ መኪናዎችና ስለ ማዘጋጃ ቤቶች ሥልጣን

በአዲስ አበባ ያለ ቦታቸው የቆሙትን መኪናዎች በክሬን አንሥቶ መውሰድ ከተለመደ ቆይቷል። ይኸው አሠራር ወደ ደጋው አገር ከተሞች ሲደርስ ግን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ይኸውም የቆመ መኪና ሁሉ የተጣለ ነው ወይ የሚለው ነው።

በመሐል ሜዳ፥ በሞላሌ፥ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ጎማው ተንፍሶ አቧራ የለበሰ የጭነት መኪና ሲታይ፥ ባለቤቱ የተወው ይመስላል። ነገር ግን የጀማን ቁልቁለትና ዐቀበት ሲወርድ ሲወጣ የማርሽ ሣጥኑ የተሰበረበት ሰው መለዋወጫውን የሚፈልገው አዲስ አበባ፥ ሶማሌ ተራ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ማለፉን አስመጪዎች አይዘነጉትም። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ አሮጌው መኪና በቆመበት ዋጋው ይጨምራል (ባለቤቱ ሠርቶበት ያን ያህል ማትረፉ ያጠራጥራል)። እንዲህ ያለውን ንብረት በፈቃዱ የሚጥል ነጋዴ ብዙ አይገኝም። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህም በክልሉ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ፥ መኪናውን መጥቶ ለማንሣት ያልቻለ ባለ ንብረት ይኖራል።

የባለ ሱቁም አቤቱታ የሚናቅ አይደለም። በገበያ ቀን ደጁ በቆመ መኪና የተዘጋበት ነጋዴ ማራገፊያ ያጣል፤ ደንበኛውም ወደ ሌላው ሱቅ ይሄዳል። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን የማስከፈት ግዴታ አለበት። መኪናውን ከመንገድ ማንሣትና መኪናውን መሸጥ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ክርክሩም የሚነሣው ሁለቱ እንደ አንድ ሲቆጠሩ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የግል ንብረትን ይጠብቃል።

ከሁሉ የከበደው የማስታወቂያው ነገር ነው። በአገራችን ብዙ መኪና ስሙ ሳይዛወር በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ስለ ሆነም በሠሌዳው መዝገብ የሚገኘው ስም መኪናውን ከሸጠ ዓመታት ያለፉት ሰው ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ለእርሱ ቢደርስ እውነተኛው ባለ ገንዘብ አይሰማም። ባንክ በመያዣ የያዘው መኪና ያለ ባንኩ ዕውቀት በጨረታ ቢሸጥ ደግሞ ገዢውም፥ ማዘጋጃ ቤቱም ከክስ አያመልጡም። ከቀረጥ ነጻ የገባም ካለ ጉምሩክ ሦስተኛ ባለ ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል። በእንግሊዝ አገር በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የተጣሉ መኪናዎችን ማንሣት የአካባቢ ምክር ቤቶች ግዴታ እንዲሆን ሲያደርግ፥ መኪናው በሰው ይዞታ ላይ ከሆነ ለባለ ይዞታው የ15 ቀን ማስታወቂያ እንዲሰጥ አዝዟል። እዚያ የመኪናው ባለቤት ከመዝገብ በቀላሉ ይገኛል፤ በእኛ ዘንድ 15 ቀን የሚበቃ አይመስልም።

በመኪናው ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ፥ ለመዝገቡ ባለ ስምና ለባንኩ የሚላክ ደብዳቤ፥ መኪናው ሲነሣ በውስጡ ያለው ዕቃ በምስክር ፊት ተቆጥሮ የሚሰጥ ደረሰኝ፤ ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የማቆያው ኪራይም ከመኪናው ዋጋ እንዳይበልጥ ልክ ሊወሰንለት ይገባል። ንግድ ምክር ቤቶች በበኩላቸው የሚነሡት መኪናዎች ዝርዝር ከጨረታው በፊት እንዲደርሳቸው ማዘጋጃ ቤቶችን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ፤ በውክልና የተገዛውን መኪና እውነተኛ ባለቤት ከመዝገቡ ይልቅ የሚያውቁት አባሎቻቸው ናቸውና።