በውርጭ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ስለ ማደር

«ብርድ» የተባለ እንደ ሆነ የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ሐምሌና ነሐሴ ይሄዳል። ነገር ግን በደጋው አገራችን የሌሊቱ ብርድ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ግን ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቀዋለች። ጧት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ የሚታየውም ስለዚህ ነው። ተማሪው የትምህርት ዕረፍት፣ የመንግሥት ሠራተኛውም የገናን በዓል አግኝቶ ድንኳን ተሸክሞ ወደ ተራራ የሚወጣው በእነዚሁ ወራት ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ልጨዋወታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሆነን መንዝ ውስጥ ወደሚገኘው ጓሳ ሄድን። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ የአካባቢው ሕዝብም በገዛ ሥርዓቱ ለብዙ ዘመን ጠብቆ ያቆየው ሰፊ የሣር ምድር ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ አዲስ አበባ በሹራብ የሚታለፈው ሌሊት እዚያ ውሃን በረዶ ያደርጋል።

እኛ ግን ከዕውቀቱ ይልቅ ድፍረቱ ነበረን። ከስስ ድንኳንና በነፍስ ወከፍ ከአንድ ብርድ ልብስ በቀር የያዝነው ከሰልና ትንሽ የብረት ምድጃ ነበር። ሲመሽ ብርዱ ጠናብን። ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባን፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ በመጥፋቱም ደስ ብሎን ዚፑን እስከ ታች ዘግተን ተጋደምን። ጥቂት ቆይቶ አንደኛው ባልደረባችን «ራሴን አመመኝ» አለ። እኔም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበርና «የመንገዱ ድካም ነው» አልኩት። ለካ ቦታውን የሚጠብቁት ሽማግሌ የፍሙን ብርሃን በሸራው ላይ አይተው ኖሯል፤ ዚፑን ከፍተው፣ ምድጃውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ወደ ውጭ አወጡት።

«ልጆቼ» አሉን፣ «የሚጤሰውስ ዐይናችሁን ለብልቦ ያስወጣችኋል፤ የማይጤሰው ነው አስተኝቶ የሚያስቀራችሁ።»

እውነታቸውን ነው። ከሰል በዝግ ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይቀማል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን አንዱንም ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ወደ ድንኳን አይግባ። ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ መተኛትም ዋስትና አይሆንም።

«ታዲያ በምን እንሙቅ?» ትሉኝ ይሆናል። እኛም ሽማግሌውን የጠየቅናቸው ይህንኑ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድንኳን ውስጥ የሚነደው ምድጃ የሰው ገላ ነው። ልብስ ገላ የሰጠውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ከራሱ አያመነጭም።

ሽማግሌው ከሁሉ አስቀድመው ከሥራችን ያለውን ዳሰሱ። ሦስቱንም ብርድ ልብስ ደርበን ለብሰን፣ በታች ያነጠፍነው ላስቲክ ብቻ ነበር። «መሬቱ እየጠጣችሁ ነው፤ አንዱን አንጥፉት» አሉን። ሙቀትን የሚይዘው በልብስ ውስጥ የታሰረው አየር ነው፤ ክብደት ሲጫነው አየሩ ስለሚወጣ ከታች ወፈር ያለ ነገር ያስፈልጋል። ስፖንጅ ፍራሽ ያለው ይያዝ፤ የሌለው ካርቶን ይደርድር፣ ወይም ደረቅ ገለባ በጆንያ ሞልቶ ይተኛበት። የጓሳን ሣር ግን ማንም እንደ ልቡ አያጭደውም። ድንኳኑንም ከሸለቆው ግርጌ አትትከሉት፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳልና።

ቀጥሎ ልብስ ነው። ቀን በላብ የራሰ ካናቴራና ካልሲ ይውለቅ፣ ደረቅ ይተካ። ጥጥ ውሃ ሲነካው ያቀዘቅዛል፤ የበግ ጠጉር ግን ቢርስም ጥቂት ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም። ራሳችሁን ሸፍኑ፤ አፍና አፍንጫችሁን ግን ከልብሱ ውጭ አድርጉ፣ የትንፋሽ እርጥበት ልብሱን ያረጥበዋልና። የብረት ኮዳ ካላችሁ፣ ውጭ የተፈላ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ አጠገባችሁ አኑሩት።

ምድጃ ያለ ማገዶ አይነድምና ጾም አትደሩ። በቅቤ የታሸ ጭኮ ለእንዲህ ያለ ሌሊት ተስማሚ ነው፤ አንድ ግራም ቅባት ከአንድ ግራም ዱቄት ከእጥፍ በላይ ኃይል ይሰጣል። አረቄ ግን አታላይ ነው። ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያመጣ የሞቀን ይመስለናል፤ በእውነቱ የውስጣችንን ሙቀት ለብርዱ አሳልፎ ይሰጣል።

በመጨረሻም ባልደረባችሁን አስተውሉ። የሚንቀጠቀጥ ሰው ገላው ገና እየታገለ ነው። ምላሱ ከተሳሰረ፣ እርምጃው ከተወላገደ፣ ይልቁንም ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ካቆመ፣ ተሻለው አትበሉ፤ አደጋ ላይ ነው። ደረቅ አልብሱት፣ ከመሬት ለዩት፣ በሁለት ሰው መካከል አስተኙት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትኩስና ጣፋጭ ነገር አጠጡት፤ እጅ እግሩን ግን አትሹት። ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም አድርሱት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው።

እኛ በዚያ ሌሊት አንዱን ብርድ ልብስ አንጥፈን፣ ሁለቱን ደርበን፣ ተጠጋግተን አደርን። ሲነጋ ደጃፍ ላይ የተውነው ውሃ በረዶ ሆኖ አገኘነው። ምድጃው ግን ከድንኳኑ ራቅ ብሎ፣ ፍሙ እንደ ገና ተቀጣጥሎ፣ ሽማግሌው ጀበና ጥደውበት ይጠብቁን ነበር።