የካምሻፍት ምርጫና የደጋው አየር

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን ሞተር እየጠገኑ ማኖር ለባለመኪናው ግዴታ እየሆነ ስለ ሄደ፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ እስከ ደጋማዋ ጥሊሊ ድረስ የሚመጣው መለዋወጫ፣ ይልቁንም የመኪናው ፋብሪካ ሳይሆን ሌላ ሠሪ ያወጣው ካምሻፍት (ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ)፣ በምን ሚዛን ሊመረጥ እንደሚገባ በግልጥ መነጋገር ያስፈልጋል። የእኔ አሳብ፣ ኮምፒዩተር በሚያዝዘው የቤንዚን ሞተር ላይ ከፋብሪካው ልክ ያልራቀ ካምሻፍት ብቻ ይታሰር የሚል ነው።

ቫልቩን አብልጦ የሚከፍት ካምሻፍት ደጋ የነሣውን ጉልበት ይመልሳል የሚለው ምክር፣ ከቅን ልቡና ቢመነጭም፣ ከእውነቱ የራቀ ነው። በባሕር ጠረፍ ያለው የአየር ግፊት 100 እጅ ቢባል፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ የሚገኘው 75 እጅ ያህል ነውና፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩቡን ገደማ ማጣቱ አይካድም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ካምሻፍት ረድኤቱን የሚሰጠው ሞተሩ በፈጣን ዙር ሲሽከረከር ሲሆን፣ ጭኖ ከቡሬ ወደ ጥሊሊ ሽቅብ የሚወጣው መኪና አጥብቆ የሚሻውን የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ግን ይቀንስበታል።

ከዚህም የሚከፋው የኮምፒዩተሩ መታወክ ነው። የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ይደክማል፤ ግፊት የሚለካው ሴንሰር ይህን ድካም እንደ ከባድ ጭነት ቈጥሮ ቤንዚን ያስጨምራል፤ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ያመለጠውን አየር ያገኘው የኦክሲጅን ሴንሰርም ቤንዚን አንሷል ብሎ ሌላ ያስጨምርበታል። መሪጌታው በግዕዝ ሲመራ ተቀባዩ በዕዝል ቢቀበል ማሕሌቱ እንደሚታወክ፣ ካምሻፍቱም ኮምፒዩተሩም እያንዳንዳቸው በየሕጋቸው ጸንተው ሳሉ የሞተሩ ሥርዓት ይፈርሳል። የፍሬኑ ሰርቮም የሚረዳው በዚያው የመሳብ ኃይል ስለሆነ፣ የደጋው ስስ አየር አስቀድሞ ያደከመውን ረዳት በገዛ እጃችን ደግመን ማድከማችን የነፍስ ጉዳይ ነው። የኮምፒዩተሩን ሰንጠረዥ በመሣሪያ እየለካ የሚያርም ባለሙያ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ እርሱ ሳይኖር ግን መድፈር አይገባም።

ስለዚህ ገዢዎች ሆይ፣ የቫልቩን የመከፈት ከፍታ በሚሊሜትር፣ ተከፍቶ የሚቆይበትንም ልክ በዲግሪ ጠይቁ፤ ዲግሪው ከየት ጀምሮ እንደ ተለካም አትርሱ፣ አንዱ ሠሪ ቫልቩ ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ሌላው ካሙ 1.27 ሚሊሜትር ካነሣ በኋላ ስለሚቈጥር፣ ሁለቱን ቍጥሮች ማነጻጸር ያሳስታልና። ሞተሩ ቪቪቲ-አይ (የቫልቮቹን የመከፈቻ ጊዜ የሚለዋውጥ ሥርዓት) ያለው ከሆነ የካምሻፍቱን ጫፍ አገጣጠም፣ የካምሻፍት ሴንሰሩ የሚያነብበትንም ጥርስ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ሊያሳያችሁ ካልቻለ ሻጭ፣ ዋጋው የቱን ያህል ቢረክስ፣ ካምሻፍት አትግዙ።