ወንበሩና ሜዳው፦ የሴት አመራር ጥያቄ በአትሌቲክሳችን

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጠቅላላ ጉባኤ ስለሺ ስሕንን በፕሬዚዳንትነት ሲመርጥ፣ ስድስት ዓመት ያህል የቆየው የደራርቱ ቱሉ የአመራር ዘመን አበቃ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ኃላፊነቱን ከለቀቀ በኋላ በተጠባባቂነት፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በምርጫ ወንበሩን የያዙት እሳቸው ነበሩ። የአመራር ዘመን ሲያልቅ ሜዳልያ መቁጠር በአገራችን የተለመደ ነው። ዶሃ ላይ ሁለት ወርቅ፣ ቶኪዮ ላይ አንድ፣ ኦሪገን ላይ አራት፣ ቡዳፔስት ላይ ሁለት፣ ፓሪስ ላይ አንድ እያሉ መደመር አያስቸግርም። መሠረታዊው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንዲት ሴት ከሯጭነት ተነሥታ የስፖርቱ የበላይ አስተዳዳሪ ስትሆን፣ ከእሷ በታች ባለው የሥራ ግንኙነት ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው?

ደራርቱ በ1964 ዓ.ም. በአርሲ፣ በበቆጂ አካባቢ የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ስታሸንፍ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። የአፓርታይድ ሥርዓት ገና ሳይፈርስ ከነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ከኤላና ሜየር ጋር ሜዳውን አብረው መዞራቸው በዓለም ዙሪያ የታየ ትዕይንት ነበር። እናት ከሆነች በኋላ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ደገመች፤ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. በ37 ዓመት ዕድሜዋ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች።

አንባቢ ከላይ «እሳቸው» ብለን እዚህ «እሷ» ማለታችንን ሳያስተውል አይቀርም። የጋዜጦቻችን ልማድ ነው። ሜዳ ላይ እያለች «አሸነፈች» ስንል የኖርን ሰዎች፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ «ገለጹ፣ አሳሰቡ» ማለት ጀመርን። ላብ ያፈሰሰችበት ሥራ አንቱታ አላስገኘላትም፤ ወንበሩ አስገኘላት። ኅብረተሰባችን ለአምራችና ለአስተዳዳሪ የሚሰጠው ክብር በዚህች በአንዲት የግስ መድረሻ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል።

ነገሩን በተጨባጭ ለመመርመር ከአዲስ አበባ ብዙም መራቅ አያስፈልግም። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ዋና ከተማዋን ከበው ይገኛሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የሱሉልታ ሜዳ ላይ ማለዳ የወጣ ሰው ጉሙ ሳይገፈፍ በመስመር ተከታትለው የሚሮጡ ወጣቶችን ያገኛል። ሰበታም እንዲሁ ሯጮች ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሥተው የሚደርሱበት የታወቀ የልምምድ ሥፍራ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል እጅግ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ሁለትና ሦስት ሆነው የሚያድሩ፣ ክለብ ያልቀጠራቸው ሴቶች ልጆች ናቸው።

የእነዚህ ልጆች የሥራ መሣሪያ ጫማ ብቻ አይደለም፤ መሬትም ነው። መሬቱ ደግሞ እየጠበበ ነው። በቡራዩ ተዳፋት ላይ ቤት ቤትን ተከትሎ ወጥቷል፤ በሰበታ ፋብሪካው፣ በሱሉልታ የታጠረው ይዞታ ሩጫውን ወደ አስፋልት ዳር፣ ወደ ጭነት መኪናው ጎን ገፍቶታል። ሱሉልታ ላይ ቀነኒሳ በቀለ በገዛ ገንዘቡ ዘመናዊ የመሮጫ መም አሠርቷል። ቀነኒሳን የምናመሰግነው እንጂ የምንወቅሰው አይደለም። ነገር ግን በሩጫ ዓለም ያወቃት አገር፣ ሯጮቿ በሚኖሩበት ቦታ የሕዝብ ሊሆን የሚገባውን መም አንድ ሯጭ ከግል ኪሱ ሲሠራው ወቀሳው ወዴት እንደሚያመለክት ግልጽ ነው።

ቅራኔው ጫፍ ላይ የደረሰው በደራርቱ የአመራር ዘመን ነበር። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የአገራችን የማጣሪያ ውድድር በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተካሄደው በሆላንድ፣ በሄንገሎ ከተማ ነው። ለተሰንበት ግደይ የ10 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ የሰበረችው በዚሁ የኢትዮጵያ ማጣሪያ ላይ ነበር። ለፓሪስም የ10 ሺህ ሜትር ማጣሪያው ወደ ስፔን ሄደ። ምክንያቱ ከፊሉ ቴክኒካዊ መሆኑን መካድ አይገባም፤ በከፍታችን ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ኦሊምፒክ የሚጠይቀውን ሰዓት ማስመዝገብ ይከብዳል፤ ዝቅ ያለች የምትባለው ሐዋሳ እንኳ ወደ 1 ሺህ 700 ሜትር ትጠጋለች። ሌላው ከፊል ግን ቴክኒክ አይደለም። የአዲስ አበባ ስታዲየም በእድሳት ላይ ነበር፤ አማራጭ የሆነ የሕዝብ ሜዳ አስቀድሞ አልተዘጋጀም። ልጆቻችንን ያፈራው አፈር እዚህ፣ መመዘኛው ሚዛን እዚያ ሆነ።

ከሚዛኑ ጋር ገበያውም እዚያው ነው። አንዲት ሯጭ የት እንደምትወዳደር፣ መቼ እንደምታርፍ በአመዛኙ የሚወስነው በአውሮፓ ቢሮ ያለው ማናጀርና ከጀርባው የቆመው የጫማ ኩባንያ ነው፤ ከሽልማቷም ድርሻውን ያነሣል። ፌዴሬሽኑ ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራት ከዚህ ኃይል ጋር መደራደር ይኖርበታል። በአገር ውስጥም ቢሆን በቶኪዮው ጊዜ ከኦሊምፒክ ኮሚቴ ጋር የተነሣው ውዝግብ የፕሬዚዳንቷ ሥልጣን ወሰን የት ላይ እንደሚያበቃ አሳይቷል። ሜዳውንም፣ ገበያውንም፣ የጉዞውን ትኬትም በእጁ ያልያዘ ወንበር፣ ሴት ተቀመጠችበት ወንድ፣ በቅርጹ ከፍ ያለ፣ በይዘቱ ግን የሳሳ ነው።

በዓለም ደረጃ ነገሩ በቁጥር ረገድ ወደ ፊት ሄዷል። የዓለም አትሌቲክስ ምክር ቤት የሴቶችና የወንዶች ቁጥር እኩል እንዲሆን ካስቀመጠው ጊዜ አራት ዓመት ቀድሞ በ2015 ዓ.ም. ግቡን መትቷል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የዚምባብዌዋ ዋናተኛ ከርስቲ ኮቨንትሪ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆና ተመርጣለች፤ ከሴትም፣ ከአፍሪካም የመጀመሪያዋ ናት። እነዚህን ለውጦች አናቃልልም። ሆኖም ኮታ የላይኛውን ወንበር ይቆጥራል እንጂ በሯጯና በወንበሩ መካከል ያለውን መሰላል አይቆጥርም። ያ መሰላል አሠልጣኙ፣ የቴክኒክ ኮሚቴው፣ የክለቡ ኃላፊ፣ ማናጀሩ ነው። በአገራችን እዚያ የተደረደሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። በኦሪገን ከተገኙት አራት ወርቆች ሦስቱን ያመጡት ሴቶች ሆነው ሳለ፣ የሩጫ ዘመናቸው ሲያበቃ አሠልጣኝ የመሆን ዕድላቸው ከወንዱ እጅግ ያነሰ ነው። ደራርቱን ጨምሮ አንድ ትውልድ ያሠለጠኑት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ሃንጋሪ ሄደው ተምረው ነው የመጡት። ለአንዲት ጡረታ የወጣች ሯጭ እንዲህ ያለ የትምህርት ዕድል የሚመድብ ማን ነው?

በአስተዳደር ሙያ በኩል የመጣች ሴት የለችም ማለታችን አይደለም። ዳግማዊት ግርማይ በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ለመሆን በቅታለች።  

ጠቅላላ ጉባኤው ከየክልሉና ከከተማ አስተዳደሮች በተላኩ ድምፅ ሰጪዎች የተዋቀረ ነው። እነዚህ ተወካዮች ዳግመኛ ለምርጫ ከመሰብሰባቸው በፊት ከየመጡበት ክልል ስንት ሴት አሠልጣኝ ለስልጠና እንደላኩ በጽሑፍ ቢጠየቁ ይገባል። የሸገር ከተማ አስተዳደርም በበኩሉ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሩጫ የተከለለ፣ አጥርም ክፍያም የሌለው የሕዝብ መሬት በፕላኑ ላይ ስንት ሄክታር እንደያዘ በይፋ ያስታውቅ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ።