ከመድረክ ስንወርድ ማን ነን?

አንድ ቅዳሜ ማታ ከቤት ኅብረታችን በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። ዝነኞች የሚወዳደሩበት የዳንስ ፕሮግራም ነው። ድሮ በተከታታይ ድራማ ይታወቅ የነበረ፣ አሁን ጸጉሩ የሳሳ አንድ ተዋናይ እርምጃው ተሳስቶበት ሲንገዳገድ አየነውና «ይሄ ሰውዬ አሁንም አለ እንዴ?» ብለን ሳቅን። አብረውን የነበሩ አንዲት እናት እንግሊዝኛውን ስላልተከታተሉት በምን እንደምንስቅ ጠየቁን። «ድሮ ታዋቂ ነበር፤ ከዚያ ተረሳ፤ አሁን እንደገና ሰው እንዲያየው ነው የመጣው» አልናቸው። እሳቸውም «ታዲያ ልጆቼ፣ ይሄ ያሳዝናል እንጂ ምኑ ያስቃል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ነገሩ ከልባችን ስላልወጣ ይህን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

እንዲህ ያሉ ሪያሊቲ ሾዎች በአሜሪካ ከተለመዱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው «ዘ ሰሪል ላይፍ» ዝናቸው የደበዘዘ ሰዎችን በአንድ ቤት አስገብቶ ካሜራ ፊት ያኖር ነበር። በመጀመሪያው ዙር፣ በ1980ዎቹ በ«ዌብስተር» ድራማ ልጅ ሆኖ አገር ያሳቀው ኢማኑኤል ሉዊስ ገባ። በሁለተኛው ዙር ደግሞ «ቺፕስ» ላይ የሞተር ብስክሌት ፖሊስ ሆኖ የተወነው ኤሪክ ኢስትራዳ ገባ። በ2005 «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» ተጀመረ፤ በዚህኛው ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፣ ተመልካች ድምፅ ይሰጣል፣ ያልተመረጠው ይሰናበታል።

ለጣቢያው እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከድራማ ይልቅ በርካሽ ይሠራል፤ የድሮ ስም ደግሞ ተመልካች ይጠራል። ተዋናዩም ስልኩ መጮህ ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ይስማማሉ። ነገር ግን ተዋናዩ በድራማው ዘመን የሚሸጠው ሙያውን ነበር፤ እዚህ የሚሸጠው ራሱን ነው፤ ጠቡን፣ ዕንባውን፣ ውድቀቱን። ከብዙ ሰዓት ቀረጻ የትኛው ደቂቃ ለሕዝብ እንደሚታይ የሚመርጠውም እርሱ አይደለም።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም። ሠርቶ መብላት ክብር ነው። «ፍሬሽ ፕሪንስ ኦፍ ቤል ኤር» ላይ ካርልተንን ሆኖ የተወነው አልፎንሶ ሪቤሮ፣ ሰው ሁሉ እንደ ካርልተን ብቻ ስላየው ሌላ የትወና ሥራ ማግኘት እንደከበደው ተናግሯል። በ2014 በዳንሱ ውድድር አሸነፈ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የታወቀ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ ሆነ። ደስ ይለናል። ወድቆ የተነሣ ሰው ሲገኝ የሚከፋው ወንጌል የለንም።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሥራ መፈለግና «እዩኝ» ማለት ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በውስጥ ግን ይለያያሉ። በ1ኛ ሳሙኤል 15 ያለውን ንጉሥ ሳኦልን አስቡ። መንግሥቱ ከእርሱ እንደተወሰደ ነቢዩ ሲነግረው መበደሉን አመነ። ወዲያው የለመነው ግን በሽማግሌዎቹና በእስራኤል ፊት እንዲያከብረው ነበር። በእግዚአብሔር ፊት ካጣው ይልቅ በሰው ፊት የሚያጣው አስፈራው። ሳሙኤልም አብሮት ተመለሰ፤ መንግሥቱ ግን አልተመለሰችም። ወገኖች፣ መድረክ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል፤ የልብ ባዶነት ግን በመድረክ አይሞላም።

ይህ የሆሊውድ ሰዎች ችግር ብቻ የሚመስለን ካለን ታሚ ፌይን እናስታውስ። እርሷና ባሏ ጂም ቤከር በቴሌቪዥን አገልግሎታቸው በመላው አሜሪካ የታወቁ ነበሩ። በ1987 አገልግሎታቸው በዝሙትና በገንዘብ ቅሌት ተናጋ፤ ባሏም በኋላ በማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ። ሜካፗና ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍቷ የቀልደኞች ማላገጫ ሆኑ፤ ከሳቁባት መካከል እንደ እኛ ያሉ አማኞችም ነበሩ። በ2004 «ዘ ሰሪል ላይፍ» ላይ ከአንድ የብልግና ፊልም ተዋናይ ጋር ሳይቀር በአንድ ቤት ታየች። ለምን እንደገባች ልቧን የሚያውቅ ጌታ ነው። በዚያ ቤት ግን አብረዋት የገቡትን ሳትንቅ ቀረበቻቸው። በ2007 በካንሰር ከመሞቷ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ሰውነቷ እጅግ ከስቶ ሳለ፣ በቴሌቪዥን ቀርባ ስለ እምነቷ ተናገረች።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በቤተ ክርስቲያናችን የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንድ አባት አሉ። በካሴት ዘመን መዝሙራቸውን የማያውቅ አማኝ አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከአምልኮ በፊት ቀርበው «አንዲት መዝሙር ብቻ ልዘምር?» አሉን። ፕሮግራሙ ሞልቷል አልናቸው። አልሞላም ነበር። ድምፃቸው እንደ ድሮው አይደለም፣ ወጣቶቹ አያውቋቸውም ብለን ነው። እሳቸውም «እሺ፣ ጌታ ይባርካችሁ» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። እኛ ያደረግነው ከዚያ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ ይብሳል። ጣቢያው ቢያንስ የተረሳውን ሰው ጠርቶ አስገብቶታል።

በ2ኛ ሳሙኤል 19 የሰማንያ ዓመቱ ገለዓዳዊ ቤርዜሊ አለ። ዳዊት ተሰዶ በነበረበት ጊዜ የመገበው ሰው ነው። ንጉሡ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ «ከእኔ ጋር በኢየሩሳሌም ኑር» ብሎ ጋበዘው። ቤርዜሊ ግን ዕድሜውን ተናገረ፤ የምግብ ጣዕምና የዘፋኞች ድምፅ ለእርሱ እንዳለፈ ገለጸ፤ ወጣቱ ከመዓም በእርሱ ፈንታ እንዲሄድ ለምኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሳኦል ክብርን ለመነ፤ ቤርዜሊ የቀረበለትን ክብር ለሌላ አሳለፈ። ዳዊትም አልረሳውም። ሊሞት ሲል ሰሎሞንን ስለ ቤርዜሊ ልጆች አደራ አለው። አረጋዊው መድረኩን ለወጣቱ ለቀቀ፤ ንጉሡም አረጋዊውን አልረሳም። በአንድ ቤት ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስማችሁ የተረሳ የሚመስላችሁ አገልጋዮች፣ ደቀ መዛሙርቱ በአገልግሎታቸው ፍሬ ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ጌታ ደስታቸውን ስማቸው በሰማይ ወደ መጻፉ እንደመለሰው አስታውሱ። ጌታን ገና ያላወቃችሁም፣ ሰው እንዲያያችሁ ከመድከማችሁ በፊት አይቶ የወደዳችሁ አለ። በእርሱ ዘንድ ድምፅ ተሰጥቶበት የሚሰናበት የለም፤ ወደ እርሱ የመጣውን ወደ ውጭ አያወጣውም።

እኛ ግን ያን አባት እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅናቸውም። በዚህ ሳምንት ቤታቸው እንሄዳለን፤ ፈቃዳቸው ከሆነም በመጪው እሑድ ይዘምራሉ። እናንተስ ከኋላ ወንበር ማን አላችሁ?

ጌታ ይርዳን። ተባረኩ።