ላውራን ዝም ያሰኘ ካሜራ

የካርሚላን ታሪክ በፊልም ብቻ የሚያውቅ ተመልካች ታሪኩን ገና አላወቀውም። ይህ አባባል የተጋነነ የመሰለው ቢኖር መጽሐፉን አንድ ጊዜ ያንብብና ከዚያ በኋላ ይሟገት። አየርላንዳዊው ጆሴፍ ሸሪዳን ሌ ፋኑ እ.ኤ.አ. በ1871 እና በ1872 በመጽሔት በተከታታይ አውጥቶ፣ በዚያው በ1872 በመድበል ያሳተመው ይህ አጭር ልቦለድ ከብራም ስቶከር «ድራኩላ» በሃያ አምስት ዓመት ይቀድማል። ታሪኩ ለመናገር አያስቸግርም። በኦስትሪያዋ ስቲሪያ፣ በጫካ መካከል ባለ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ላውራ የምትባል ወጣት ከእንግሊዛዊ አባቷ ጋር ከሰው ርቃ ትኖራለች። አንድ ማታ ደጃፋቸው ላይ ሠረገላ ይገለበጥና ካርሚላ የምትባል እንግዳ እቤታቸው ትቀራለች። ሁለቱ ይዋደዳሉ። እንግዳይቱ ግን ከረጅም ዘመን በፊት ሞታ የተቀበረች፣ የሰው ደም እየጠጣች የምትኖር የካርንስታይን ቤት እመቤት ናት።

ቁም ነገሩ ያለው ታሪኩን ማን ይተርከዋል በሚለው ላይ ነው። የምትተርከው ላውራ ናት። ከዓመታት በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በገዛ ቃሏ ትጽፋለች። ካርሚላ ስታቅፋት የተሰማትን መሳብና መጸየፍ አንዱን ከሌላው ሳትለይ ታስቀምጠዋለች፤ ሁለቱ በልቧ አብረው እንደ ነበሩ አትደብቅም። ይበልጥ የሚያስደንቀው የካርሚላ አሟሟት ነው። መቃብሩ ሲከፈት፣ ልቧ በሹል እንጨት ሲወጋ፣ አንገቷ ሲቀላ ላውራ በስፍራው አልነበረችም። አባቷ ዘንድ ካለው የንጉሠ ነገሥቱ መርማሪዎች ሰነድ ጠቅለል አድርጋ፣ እንደ ጸሐፊ በደረቁ፣ ትገለብጠዋለች። አሰቃቂው ትዕይንት ወረቀት ላይ ያለ የመንግሥት ቃል ብቻ ሆኖ ያልፋል። በላውራ ልብ የቀረው ሌላ ነው፤ ከዓመታት በኋላም በእንግዳ መቀበያው ክፍል በር ላይ የካርሚላን ቀላል ኮቴ የሰማች ይመስላታል።

ሲኒማ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ዴንማርካዊው ካርል ድራየር በ1932 «ቫምፒር» የተባለውን ድንቅ ፊልም ከዚሁ መድበል መነሻ ወስዶ ሲሠራ ደም የምትጠጣዋን አሮጊት አደረጋት፤ ባለታሪኩንም መንገደኛ ወንድ። ድራየርን መውቀስ ይከብዳል፤ የሠራው የራሱን ሕልም ነውና። ወቀሳው የሚገባው ለታሪኩ ታማኝ ነኝ ላለው ለእንግሊዙ ሀመር ኩባንያ ነው። በ1970 ሮይ ዋርድ ቤከር ያዘጋጀው «ዘ ቫምፓየር ላቨርስ» ከመጽሐፉ ብዙ ወስዷል። ኢንግሪድ ፒት በካርሚላነት ግሩም ናት፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ይሁን እንጂ ፊልሙን የሚከፍተው የተራኪ ድምፅ ቫምፓየር አዳኝ የሆነ የአንድ ባሮን ድምፅ ነው። ታሪኩ በዚያ ሰውዬ ሰይፍ ይጀምርና በጄኔራሉ፣ በፒተር ኩሺንግ፣ ሰይፍ ይዘጋል። መጽሐፉ በሰነድ ግልባጭ ያለፈው ግድያ እዚህ የበዓሉ ድምቀት ሆኗል። በመካከል ያለው የሁለቱ ሴቶች ፍቅር ለማን ዓይን እንደ ተሰናዳ ለማወቅ ደግሞ የልብስ አወላለቁን ብዛት መቁጠር ይበቃል።

ከዚህም የባሰ አለ። ፊልሙ «ላውራ» የሚለውን ስም ከባለታሪኳ ነጥቆ ለጄኔራሉ የእህት ልጅ፣ ማለትም ቀድማ ለምትሞተው፣ ሰጥቶታል። በሕይወት የምትተርፈው ኤማ ተብላለች። ምናልባት ለጽሑፉ አሠራር እንዲመች ብቻ የተደረገ ለውጥ ይሆናል። ሆኖም ጽፋ ያቆየችውን ሴት ገና በመጀመሪያው አጋማሽ መቅበር፣ ሳያስቡት የተደረገ ቢሆን እንኳ፣ አሳቡን አሳምሮ ይገልጸዋል።

«መጽሐፉም ቢሆን የወንድ ድርሰት ነው፤ መጨረሻውም ያው እንጨትና ሰይፍ ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት አለው። ሌ ፋኑ የላውራን ጽሑፍ በአንድ ሐኪም መዝገብ ውስጥ ከትቶ አቅርቦታል፤ የካርሚላንም ሞት ከሕግና ከሃይማኖት ጋር አስታርቆታል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙም ለጄኔራሉም አልሰጠም። ለኮቴው ድምፅ ሰጠው። የቪክቶሪያ ዘመን ሰው ይህን ካደረገ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ምን ያህል ወደ ኋላ እንደ ሄዱ መገመት ነው።

ሌላው ስሕተት ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። ኤሚሊ ሃሪስ በ2019 ባቀረበችው «ካርሚላ» ውስጥ መንፈሱ ከሞላ ጎደል ተባርሯል። የልጅቱን ግራ እጅ አስራ የምታስተምር ጨካኝ ሞግዚት አለች፤ እንግዳይቱ በእርግጥ ቫምፓየር ትሁን አትሁን ግን አይታወቅም። ፊልሙ ያማረ ነው፣ ርኅራኄም አለው። ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ መንፈሱ በዚያ ዘመን ጌጥ አልነበረም፣ ቋንቋ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1885 ባወጣው ሕግ በወንዶች መካከል ያለውን ሲቀጣ ሴቶችን አልጠቀሰም፤ በ1921 ሴቶችን ለመጨመር የቀረበው አሳብም በጌቶች ምክር ቤት ወደቀ። ለነገሩ ስም መስጠት ራሱ ተፈርቶ ነበር። ሕግ ስም የነፈገውን የመናፍስት ተረት ስም ሰጠው። ያንን ተረት አውጥቶ መጣል፣ ለብልሃት ሲባል የሴትየዋን ምላስ መቁረጥ ነው። የሚገርመው፣ ላውራን መልሶ ያናገራት ከ2014 እስከ 2016 በካናዳ የተሠራው አጫጭር የኢንተርኔት ተከታታይ ድራማ ነው፤ ካሜራው ከላውራ ጠረጴዛ ሳይነሳ ልጅቱ ራሷ ፊት ለፊት ትተርካለች። ገንዘቡን ያወጣው የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ አምራች ነበር። ስመ ጥር ስቱዲዮዎች ያልታያቸው ለእርሱ ታየው።

ታሪኩ ወደ አማርኛ ሲመጣ ችግሩ በሌላ መልክ ይከተላል። «ቫምፓየር»ን «ደም መጣጭ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን በቀጥታ ወደ አብዮቱ ዘመን መፈክር ይወስደዋል፤ ካርሚላ የመሬት ከበርቴ ሆና ቁጭ ትላለች። «ቡዳ» ማለትማ በዚህ ስም እስከ ዛሬ የሚገለሉ የእጅ ባለሙያዎች ባሉበት አገር ነውር ነው። ቃሉን እንዳለ መተው ይሻላል። ከዚህ የሚከብደው ግን «ሽ» ናት። በእንግሊዝኛ አንዱ ሌላውን «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» ሲል ቃሉ ያው ነው፤ ሌ ፋኑ የተሸሸገበት መጋረጃ ከዚህም ተሠርቷል። አማርኛ መጋረጃ የለውም። ካርሚላ ለላውራ «እወድሻለሁ» ካለች ብላለች። ተርጓሚው እዚህ ላይ ሲደርስ «እንደ እህቴ ነሽ» ብሎ ማለስለስ ያምረዋል፣ ለአንባቢ ያሰበ እየመሰለው። ያን ጊዜ ከባሮኑ በምን ይለያል? ያለ ሰይፍ የተደረገ ያው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገርና የድሮ ዘመን ጉዳይ የሚመስለው ሰው ናይሮቢ የሆነውን ያስታውስ። በ2018 የዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ» በካን ፌስቲቫል የተመረጠ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆነ። በፊልሙ ቫምፓየር የለም፤ ሁለት የናይሮቢ ልጃገረዶች ይዋደዳሉ፣ ይደበደባሉ፣ ይለያያሉ። የአገሪቱ የፊልም ምደባ ቦርድ ከማገዱ በፊት ዳይሬክተሯን የጠየቃት መጨረሻውን እንድትለውጥ ነበር፤ ተስፋ የበዛበት ነው፣ ጸጸት ይታይበት ተባለ። መሳሙ ሳይሆን መጨረሻው ነበር ቦርዱን የከነከነው። ሹል እንጨቱና ሰይፉ በወግ ቢገቡበት ምናልባት ያልፍ ነበር። ዳይሬክተሯ እምቢ አለች። በመስከረም ወር ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ ሲያነሳ የናይሮቢ ተመልካች ቲኬቱን ተሻምቶ ገባ፤ በመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱ ልጃገረዶች ከዓመታት መለያየት በኋላ ተገናኝተው ነበር።