የቸርችል ፊት፣ የከሚሴ ድምፅ

ጋሪ ኦልድማን «ዳርከስት አወር» በተሰኘው የ2017 እ.ኤ.አ. ፊልም ዊንስተን ቸርችልን ለመምሰል በየቀረጻው ቀን ከ3 ሰዓት በላይ ሜካፕ ሲቀባ ይቆይ ነበር። ፊቱን የሠራለት ካዙሂሮ ጹጂ የፊልም ሥራን ትቶ ቅርጻ ቅርጽ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ኦልድማን ለምኖ መለሰው። ሁለቱም ኦስካር ወሰዱ። ተዋናዩ የሰውየውን አረማመድ ያጠናው ግን ከድሮ የዜና ፊልሞች ነው። እኔን ያስቀናኝ የእነዚያ ፊልሞች መኖር ነው።

ፊልሙ የሚተርከው ቸርችል ጦርነቱን ለመቀጠል ስለወሰነበት ስለ ግንቦት 1932 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። ሰኔ 3 ቀን ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ የእኛ ጠላት የቸርችልም ጠላት ሆነ፤ ንጉሡም በዚያው ወር ወደ አፍሪካ ተመለሱ። በዓመቱ ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጣርማበርን ወርዶ፣ ቦርከና ሸለቆን ይዞ ወደ ሰሜን ገፋና ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን ያዘ። የለንደኑ ውሳኔ በሸለቆው ባለችው ከተማችን በከሚሴ አልፏል ማለት ነው።

እንግሊዞች የካቢኔያቸው ቃለ ጉባኤ ሳይቀር ተቀምጦላቸዋል። ያም ሆኖ ቸርችል በምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሮ ተራውን ሕዝብ ምክር የሚጠይቅበት ትዕይንት ፈጠራ ነው። ትዕይንቱን ስመለከት አልተቆጣሁም፤ የሕዝቡን ድምፅ ፈልገው ነው የጨመሩት። እኛ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወረቀቱ የለንም፤ ድምፁ ግን አሁንም ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. «ዓድዋ» የተሰኘውን ፊልም ሲሠራ ከአዛውንቶች ትረካ፣ ከዘፈንና ከሥዕል ነው የገነባው። የዓድዋን ዘማቾች ግን ማግኘት አይችልም ነበር፣ 100 ዓመት አልፏል። የጣሊያንን ዘመን በልጅነታቸው ያዩትን እኛ ዛሬም እናገኛቸዋለን። ነገ ላናገኛቸው እንችላለን።

ጎረቤታችን ወደ 90 የሚጠጉ አባት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ስልኬን አጠገባቸው አስቀምጬ፣ «አባባ፣ በጣሊያን ጊዜ ምን ትዝ ይልዎታል?» አልኳቸው። እናታቸው አዝላቸው በሌሊት ወደ ተራራው የሸሸችበትን፣ ከታች ከመንገዱ የሚሰማውን የመኪና ጉርምርምታ ነገሩኝ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያወጋሉ፤ እናታቸው ያኔ ያለቻቸውን በኦሮምኛ ብቻ ነው የሚሉት። እዚያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል። የትኛውም ሜካፕ ይህን አይሠራውም።

40 ደቂቃ ቀድቼ ባትሪዬ አለቀ። «ገና መች ነገርኩህ ልጄ» አሉኝ። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እሄዳለሁ፣ ቻርጀርም ይዣለሁ።