ለቀይ ቀበሮ የሚዋጣው ገንዘብ ጮቄ ላይ ይዋል

በጎጃሙ የጮቄ ተራራ አናት ላይ ጅባራው ዛሬም በጭጋግ ውስጥ ቆሟል፤ ጓሳውና አስታውም ከማረሻ በተረፈው ቦታ አለ። የጠፋው ቀይ ቀበሮ ነው።

በዓለም ላይ የቀረው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ባሌ፣ አርሲ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ወሎ፣ የመንዝ ጓሳ እያልን መኖሪያዎቹን ስንቆጥር ጎጃምን መጥራት ከተውን ቆየን። ቀድሞ ግን ጮቄም ቤቱ ነበር።

ለብርቅዬ እንስሳት ገንዘብ ይሰብሰብ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ እንስሳት ማቆያ ይሄዳል። ክፋት የለውም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ጠቦም፣ አርጅቶም ቢሆን ጎፈራቸው እስከ ሆዳቸው የሚወርድ አንበሶችን ለትውልድ አቆይቷል፤ የዘር ምርመራም ከሌሎች አንበሶች እንደሚለዩ አሳይቷል። ቀይ ቀበሮን ግን የትኛውም የዓለም የእንስሳት ማቆያ አልያዘውም። ስለዚህ ለእሱ የሚሠራው አዲስ ቤት ተራራው ራሱ ነው፤ የዚህ ጋዜጣ አቋምም ይኸው ነው።

ቀበሮው በመንጋ ይኖራል፤ አደን ሲወጣ ግን ብቻውን ነው። ጆሮውን ቀስሮ የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ይቆማል፣ ያደምጣል፣ ከዚያ ይዘላል። አይጧ የምትኖረው ሣር ባለበት ነው። ገብስና ድንች ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሣሩ ያልቃል፤ ሣሩን ተከትላ አይጧ፣ አይጧን ተከትሎ ቀበሮው ይሄዳል። በሰሜን ተራሮች በ2012 ዓ.ም. በጥይት እግሩ የተሰበረ ቀበሮ ታክሞ፣ «ተረፈ» የሚል ስም ወጥቶለት ወደ ዱር ተመልሷል። የሚያስደስት ነው፤ ሣር የሌለበት ተራራ ላይ ግን የዳነ ቀበሮም አይኖርም።

መንዞች ይህን ቀድመው ያውቁታል። ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲከፈት ደግሞ ሣሩን በጋራ እያጨዱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም ኅብረተሰቡ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬ ቀበሮው እዚያ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲያድን ይታያል።

ስለዚህ ከሚሰበሰበው ብር ቀዳሚው ድርሻ ከተራራው ጫፍ ማሳውን ለሚለቅ ገበሬ ይሁን። መኖ፣ ዘር ወይም ሌላ መተዳደሪያ ሳይሰጡት «ተነሣ» ማለት ግፍ ነው፤ ተመልሶ ያርሰዋል፣ ቢያርስም አይፈረድበትም። ቀጥሎ የእረኛው ውሻ ይከተብ፤ በባሌ ቀበሮውን ደጋግሞ የፈጀው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጥበቃው ለአካባቢው ወጣት ይሰጥ። ቀበሮን ከሌላ ቦታ አምጥቶ መልቀቅ የሚታሰበው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው።

ሰው በተቸገረበት በዚህ ጊዜ ስለ ቀበሮ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሣሩ የሚይዘውን ውኃ ቀበሮው አይጠጣውም፤ ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ ከጮቄ ተነሥተው የሚያጠጡት የጎጃምን ሕዝብ ነው። የተራቆተው አናት አፈርም በእነዚሁ ወንዞች ዓባይ ይገባል፤ ደለሉም ሕዝቡ ቦንድ ገዝቶ ወደ ሠራው ግድብ ይወርዳል።

ገንዘብ አይገኝም የሚለውን ጋዜጣው አይቀበልም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በ«ገበታ ለሸገር» የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ከዚያ በጣም ባነሰ ገንዘብ ለጮቄ ሥራ መጀመር ይቻላል። የደብረ ማርቆስ ነጋዴ፣ እድሮች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ በአዲስ አበባና በውጭ ያለው የጎጃም ተወላጅ የየአቅማቸውን ያዋጡ። ዞኑ አንድ የባንክ ሒሳብ ይክፈት፤ ቦርዱ ላይም የተራራው ገበሬዎች ይቀመጡ። የገባውና የወጣው ገንዘብ በየሦስት ወሩ በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ።